ቦሎ የማያልፍ ኤን ትሬ

አሰላ ውስጥ መኪና ማስረጀት ሙያ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ አዲስ አይሱዙ ከተማችን ሲገባ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሳም፤ ባለቤቱም ላስቲኩን ከሚያነሱበት መንጋጋውን ቢነቅሉት ይመርጣል። ከዚያ አንድ ክረምት ብቻ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ይመላለሳል፤ ከአስፋልቱ ወጣ እያለ ስንዴና ድንች ሊጭን ገበሬው ደጅ ድረስ ይገባል፤ ዋልካ ውስጥ ይቀረቀራል፤ በትራክተር ይጎተታል። መስከረም ሲጠባ ያንኑ መኪና ያየ ሰው ከአያት የተወረሰ ይመስለዋል። ለዚህ ሁሉ እርጅና ማንም አልደከመም፤ ማንም አልከፈለም።

እንግዲህ በዚህ አገር አንድ ጎልማሳ ቤቱ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ክንድ የማታህል አዲስ መኪና በገዛ እጁ ለማስረጀት ሲታገል ከተገኘ፣ ጎረቤት ለሚስቱ ቢያዝንላት አይፈረድበትም። ያ ጎልማሳ እኔ ነኝ። ሚስቴ ሐዘኑን በጸጋ ትቀበላለች፤ አንዳንዴ በሐዘኑ ላይ ቡናም ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ሞዴል መሥራት የሚባል የጨዋ ሰው ሱስ አለ። እውነተኛውን የጭነት መኪና በ24 ታካፍለዋለህ፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል የነበረው መኪና 10 ሳንቲሜትር ከምናምን ሆኖ ጠረጴዛህ ላይ ይቀመጣል። ግማሹ ሥራ መገጣጠም ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሰውን ከእንቅልፉ የሚለየው ግማሽ፣ የተገጣጠመውን ማስረጀት ነው፤ ቀለሙን መላጥ፣ ዝገት ማብቀል፣ ጭቃ መለጠፍ፣ ናፍጣ የፈሰሰበት ማስመሰል። ሺዙኦካ በምትባል የጃፓን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 በእንጨት መሰንጠቂያነት የተጀመረው ታሚያ፣ ከእንጨት ሞዴል ወደ ፕላስቲክ ተሻግሮ ዛሬ በዓለም የታወቀ ስም ሆኗል። ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው ኢታለሪም የጭነት መኪና በሳጥን በሳጥን እየከተተ ይሸጣል። ቤልጅጋዊው ፍራንስዋ ቨርሊንደንና አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ደግሞ በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነው ለአቧራና ለጭቃ ክብር ስለሰጡ ነው። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ጭቃ በትንንሽ ጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል። እውነት ነው የምላችሁ፤ የደረቀ ጭቃ፣ እርጥብ ጭቃ፣ የበጋ አቧራ እየተባለ ስም ተለጥፎበት። ይህን ለአንድ የኢተያ ገበሬ ባጫውተው ሳቅ ሳይል «እዚያ የምታውቀው ሰው አለህ?» ሲል ጠየቀኝ። «መሬት አይሸጥም አይለወጥም ተባለ እንጂ፣ ጭቃ አይሸጥም ያለ ሕግ አልሰማሁም።»

እኛም ብንሆን ከባዶ አልተነሳንም። እዚህ ደጋ ላይ አድጎ የሽቦ መኪና ያልነዳ ወንድ ልጅ ካለ ወይ ታሞ ነበር፣ ወይ አጎቱ ቤት ከተማ ተልኮ ነበር። ሻሲው ከአጥር የተሰረቀ ሽቦ ነው። ጋቢናው የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ካሶኒው የእርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ ነው። ያ ጣሳ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ታትመው ነበር፤ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ላሜራውን ሲቆርጥ እጆቹ ልክ በሩ ላይ እንዲውሉ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። መኪናው በአንድ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ንብረት ይሆናል፤ በመንገድም ቅድሚያ ይሰጠዋል። መሪው ቁመት ያለው ሽቦ ሆኖ እጃችን ድረስ ይመጣል፤ ሞተሩ አፋችን ነው።

ጎማው ላይ ትንሽ እንቆይ። የጭነት መኪና ጎማ አርጅቶ ሊሾ ሲሆን ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። በረባሶው ደግሞ አሥር ጊዜ ተሰፍቶ መጨረሻ ላይ ሲበጣጠስ፣ ተከርክሞ የሽቦ መኪና ጎማ ይሆናል። ጎማው በእግረኝነት ጥቂት ዓመት አገልግሎ ወደ መኪናነቱ ተመለሰ ማለት ነው። ጀርመንም ጃፓንም ያለ ሞዴል ሠሪ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ከእውነተኛ የጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ሽታው እንኳ ያልተለወጠ ጎማ ገጥሞ አያውቅም። በረባሶ ያላገኘ ቆርኪ ይደረድራል። ቆርኪም ያጣ ድንች በክብ ይቆርጣል፤ የድንች ጎማ ግን ዕድሜው እናት ወጥ ልትሠራ ጓዳ እስክትገባ ድረስ ነው።

የዚያን ጊዜ እውነተኛነት የሚለካው በመልክ አልነበረም፤ በማርሽ ነው። ከቁሉምሳ ወደ አሰላ የሚወስደውን ዳገት በአፉ ሲወጣ ሦስተኛውን ጥሎ ሁለተኛ ያላስገባ፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ለአፍታ ዝም ያላለ ልጅ ሹፌር አይባልም ነበር። ታናሽ ወንድም ያለው ረዳት አለው። የረዳቱ ሥራ ድንጋይ ይዞ ከኋላ መሮጥና «ታኮ!» ሲባል ከጎማው ሥር መወተፍ ነው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ማንን ሊገድል እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። መኪኖቻችንን ማስረጀትም አላስፈለገንም፤ ሲወለዱም የዛገ ጣሳና የተጣለ ጫማ ነበሩ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ከሳጥን የሚወጣውን የአውሮፓ መኪና ትቼ ኤን ትሬ ለመሥራት የተነሳሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው። ኤን ትሬን የማያውቅ ወጣት ካለ፣ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው 682 የተባለው የጭነት መኪና ዘር ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለውታል። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ አፍንጫው ላይ ጢም የመሰለ ጌጥ ያለው፣ ከሩቅ ሲያዩት የቀበሌ ሊቀመንበር የሚመስል መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን መኪኖች አገር ውስጥ ሲገጣጥም ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ኤን ትሬን በፍጥነት ጥለውት ያለፉ ብዙዎች ናቸው፤ ሕዝቡም አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ለኤን ትሬ ግን እንዲህ ያለ ስም አልወጣለትም። ዳገት ላይ ከእግረኛ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ የሚሄድ መኪና ማንን ያሸብራል?

ልኩን የወሰድኩት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በጡረታ ከቆመ ኤን ትሬ ላይ ነው። ለእድፉ ግን የቆመ መኪና አይበቃም፤ ሥራ ላይ ያለ መኪና ማየት ያስፈልጋል። አሰላ ውስጥ ለዚህ ከብቅል ፋብሪካው አካባቢ የተሻለ ቦታ የለም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአርሲ ገብስ ቢራ ለመሆን የሚያልፈው በዚያ ነው፤ በመኸር ጊዜ ገብስ የጫኑ መኪኖች ተራቸውን ሲጠብቁ ይታያሉ። ደብተር ይዤ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተዘዋወርኩ፣ ጎንበስ ብዬ የፓራፋንጎውን ሥር እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ።

ሹፌሮቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ረዳት ባልዲ ይዞ መጣና የታርጋውን ጭቃ ያጥብ ጀመር። የሚቀጥለውም መኪና ረዳት አየውና ተከተለው። ሦስተኛው መኪናው ሥር ገብቶ የሚንጠባጠበውን ዘይት በጨርቅ ይጠርጋል። በመጨረሻ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሹፌር ከጋቢናው ወርዶ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ እጅ ነሳኝ።

«ጌታው፣ ከገቢዎች ነዎት ወይስ ከመንገድ ትራንስፖርት?»

«ከየትም አይደለሁም። ጭቃውን ልይ ብዬ ነው።»

«ጭቃ የሚመለከተው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

«የግሌ ነው» አልኩት።

ወደ ጓደኞቹ ዞረና «የግል ተቋራጭ ናቸው» አላቸው። ይህን ጊዜ ልማርበት የሄድኩት ጭቃ ሁሉ ዓይኔ እያየ ታጥቦ አልቋል።

የስልኬን ፎቶ አውጥቼ ካስረዳሁት በኋላ ግን ያ ሹፌር በሳጥን የማይገኝ ትምህርት ሰጠኝ። ጭቃ አገር አለው፤ አቅጣጫም አለው። ከአዳማ ተነስተህ መልካሳ ላይ አዋሽን ስትሻገር፣ ዴራን እስክታልፍ ድረስ የሚለጠፍብህ አመድማ፣ ነጣ ያለ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ነው፤ ደቃቅ ስለሆነ የበሩ ጎማ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ከኢተያ ወደ ላይ አፈሩ ይጠቁራል። ከ1,600 ሜትር ከፍታ ጀምረህ አሰላ 2,400 ሜትሩን አልፈህ ስትደርስ ዝናቡም ይጨመርበታል። ዋልካ የገባ መኪና በፓራፋንጎው ውስጥ ጭቃውን በጉብጉብ ይዞ ይዞራል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና አስፋልት ላይ እየወደቀ መንገዱን ያመለክታል። ስለዚህ ጭቃው ድርብ ነው። ከሥር ያለው ሲወርድ ያገኘው ነጩ፣ ከላይ ያለው ሲመለስ የያዘው ጥቁሩ ነው። ሁለቱን አገለባብጦ የቀባ ሰው መኪናውን በኋላ ማርሽ ከበቆጂ አዳማ አምጥቶታል ማለት ነው።

ሌላም አለ። የፊት ጎማ የሚረጨው መወጣጫውንና የናፍጣ ጋኑን ነው፤ የኋላው የስፖንዳውን ጅራት። የጋኑ ክዳን ዙሪያ ናፍጣ ሲፈስ አቧራ ስለሚይዝ ጠቁሮ ወደ ታች ይወርዳል። የበሩ እጀታ አካባቢ ቀለሙ የሚለቅቀው በእጅ ብዛት ነው፤ የመወጣጫው ብረት የሚያበራው በጫማ ብዛት ነው። የበሩ መስኮት ጠርዝ የሹፌሩ ክርን የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ለስልሶ ይታያል። የፊት መስታወት ደግሞ ረዳቱ ያጥበዋል፤ የሚያጥበው ግን በሹፌሩ በኩል ያለውን ግማሽ ነው። በራሱ በኩል ያለውን ለምን እንደማያጥብ ብጠይቀው «እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለኝ።

ዝገቱ የጸጉር ስፕሬይ ይፈልጋል። አሠራሩ በዓለም የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ መኪናውን የዝገት ቀለም ትቀባዋለህ፣ ሲደርቅ የጸጉር ስፕሬይ ትነፋበታለህ፣ ከዚያ ላይ ዋናውን ቀለም። ቀለሙ እንደደረቀ በውኃ በነከርከው ብሩሽ ቀስ ብለህ ስትፈትገው ስፕሬዩ ይሟሟና ቀለሙ እየተላጠ ከሥር ዝገቱ ብቅ ይላል። ይህን መጽሐፍ ላይ ማንበብ ቀላል ነው። ከባዱ ራስህ ላይ አንዲት ፀጉር ሳይኖርህ የሴቶች ውበት ሳሎን ገብተህ የጸጉር ስፕሬይ መጠየቅ ነው። ባለቤቷ ራሴን አየችና በትሕትና «ለእትዬ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ለራሴ ነው አልኩ። ጸጉር ማድረቂያው ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዝም አሉ። «ለኤን ትሬ ነው» ብዬ ባስተካክል ነገሩ ባሰበት፤ አንዷ ለሌላዋ በጆሮዋ «ኤን ትሬ የምትባለው ማናት?» ስትላት ሰምቻለሁ። የከተማዋ ሴት በሙሉ ያቺን ኤን ትሬ የሚሏትን ፈልጋ አጥታታለች።

ስፕሬይ ያላገኘ ጨው ይጠቀማል። የዝገቱን ቀለም በውኃ አርሶ ጨው መነስነስ፣ በላዩ መቀባት፣ ሲደርቅ ጨዉን ማራገፍ ነው። የተቀረው ሁሉ ከጓዳ ይገኛል። ለጭስ ማውጫው የምጣድ ጥላሸትን የሚያህል የለም። ለአመዳማው አቧራ ምድጃው አለ። ለለጋ ዝገት ደህና አድርጎ የተነፋ በርበሬ ይበቃል፤ ችግሩ ሥራውን ጨርሰህ «እፍ» ስትል ነው። የምታስተምር ከሆነ የጠመኔ ብናኝ ኮትህ ላይ አለ። አፈሩን ግን ከዚያው ከመንገዱ አምጥቶ በሻሽ መንፋት ያስፈልጋል፤ ለዓይናችን ደቃቅ የሆነው አፈር በ24 ሲባዛ ኮረት ነውና።

ስለ ልክ ካነሳን ጭነቱን ልንገራችሁ። መኪናው ባዶውን እንዳይቆም ጤፍ ልጫንለት አሰብኩ። ከእህል ሁሉ የሚያንሰው ጤፍ አይደል? አንድ ፍሬ ጤፍ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በ24 ስናባዛው ከሁለት ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ባቄላ ነው። በአገራችን ታሪክ ጤፍን ባቄላ ያከለ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ያውም ዋጋው በዚህ በናረበት ዘመን። ስንዴ ለማሳየት የቀረኝ ዱቄት ነው፤ ስንዴ ከተፈጨ ወዲያ ነው ስንዴ የሚመስለው። በዱቄቱ ማግስት ጉንዳን መጣ። አንድ ጉንዳን በዚያ ልክ ከጫጩት አያንስም። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ካሶኒው ውስጥ የሚርመሰመሰውን አይታ «አሁን ደግሞ ከብት መጫን ጀመርክ?» አለችኝ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ልፋት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያስተማረኝ።

የተላጠውን፣ የዛገውን፣ የጨቀየውን ኤን ትሬ ከመቀጠሌ በፊት ሽልማት ያገኙ የአውሮፓ ሞዴሎችን ፎቶ ለአንድ የባትላሜራ ባለሙያ አሳየሁት። ዕድሜውን በመዶሻና በስቱኮ የጨረሰ ሰው ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። በሮቻቸው በዝገት የተበሳሱ፣ ፓራፋንጓቸው የረገፈ፣ ባለሙያ የተጠበበባቸው መኪናዎች ናቸው።

«ባለቤቶቹ ሞተዋል?» አለ።

«ለምን?»

«ቀዳዳ በር ይዞ ማን ይሠራል? እኛ ዘንድ እንዲህ ከመሆኑ በፊት ይበየዳል፣ ስቱኮ ይሆናል፣ ይቀባል። ይሄ የተጣለ መኪና ነው እንጂ ያረጀ መኪና አይደለም።»

በጋራዡ ውስጥ ዞር ብዬ አየሁ፤ ያለው ሁሉ እውነት ነው። የኛ የጭነት መኪና በዝገት አያረጅም፤ በጥገና ነው የሚያረጀው። በሩ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ሰማያዊነቱ ከጋቢናው ሰማያዊ ጋር ወንድማማች እንጂ መንታ አይደለም። ስፖንዳው ላይ አራት ማዕዘን የላሜራ ልጥፍ አለ፤ ብየዳው በጉብጉቡ ይታወቃል። የመብራቱ ክዳን ቢሰበር ቀይ ፕላስቲክ ተቆርጦ በሽቦ ታስሯል። ባሌስትራው ላይ የጎማ ላስቲክ ተጠምጥሟል። በየዓመቱ ደግሞ ቦሎ ሲደርስ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባል፤ ቀለሙ አቧራው ላይ፣ ዝገቱ ላይ፣ አንዳንዴም በሩ ላይ ያረፈችው ዝንብ ላይ ያልፋል። ባለሙያው አንድ ቦታ በጥፍሩ ፋቀና የቀለሙን ድርብርብ አሳየኝ። ከሥር አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሌላ ሰማያዊ። «አራት ባለቤት ነው» አለኝ።

ስለዚህ የኢትዮጵያን መኪና ማስረጀት የአውሮፓን ከማስረጀት እጥፍ ድርብ ሥራ አለው። ቨርሊንደንም ፔይንም ይህን አልጻፉትም። መኪናውን አዲስ አድርገህ ትሠራዋለህ። ታስረጀዋለህ። ከዚያ ልክ እንደ ባለቤቱ አዝነህ፣ ልክ እንደ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮህ፣ አዲስ ልታስመስለው ትሞክራለህ፤ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳይሳካልህ። ከዚያ እንደገና ታስረጀዋለህ። የከበደኝ አለመሳካቱን ማሳካት ነው። ስቱኮው ለስልሶ ከጠፋ ውሸት ሆነ፤ በጣም ካበጠ ደግሞ በባለሙያው ላይ ስም ማጥፋት ነው። ልኩ ፀሐይ በጎን ስትመታው ብቻ የሚታይ እብጠት ነው። ለዚህች እብጠት የጥፍር ቀለም ከጠመኔ ዱቄት ጋር ለውሼ አመሸሁ።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ገብቶ ጠረጴዛዬን ሲያይ የግብርና መሣሪያ ነው ብሎ ገመተ። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድኖች እርዳታ የጭላሎ ግብርና ልማት፣ ካዱ የምንለው፣ እዚህ ከተከፈተ ወዲህ ከተማችን ማረሻ፣ ጋሪና መውቂያ እየሠራ የሚሞክር ሰው አጥታ አታውቅም፤ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከልም አለን። «መውቂያው በየት በኩል ነው የሚያስገባው?» አለኝ። መውቂያ አይደለም፣ አሮጌ መኪና ነው ስለው ተስፋ እንዳልቆርጥ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ጋቢናውን የጨረሰችው ሚስቴ ናት። አንድ ማታ መነጽሯን አድርጋ በመስኮቱ አጮልቃ ካየች በኋላ «ይሄ ሹፌር ቤተሰብ የለውም?» አለች። እውነቷን ነው፤ ዳሽቦርዱ ራቁቱን ነበር። ዘርፍ ያለው መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ምስል ወይም ጥቅስ የሌለበት ጋቢና የኢትዮጵያ ጋቢና አይደለም። ከእናቷ የቀረ ቀጭን ፈትል አወጣች፤ አንዱን ክር ለሁለት ሰንጥቃ በመርፌ ጫፍ የጣት ጥፍር የምታክል ዳንቴል ሠራችለት። እኔ በአጉሊ መነጽር የማላየውን ቀዳዳ በዓይኗ ብቻ ነው የቆጠረችው። አሁን ሰው ሲመጣ መኪናዬን ሳይሆን ዳንቴሉን ነው የምታሳየው፤ ሐዘንተኞቹም መመላለሳቸውን አልተዉም፣ የሚያዝኑት ግን ለእኔ ሆኗል።

መኪናው ሲያልቅ ያንን ባትላሜራና ብዙ ዘመን ኤን ትሬ የነዱ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ቤቴ ጠራሁ። ሙገሳ ጠብቄ ነበር ብል አልዋሽም። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና «ቁልፉን አምጣ» አሉ። ቁልፍ የለውም አልኳቸው። ጋቢናውን አዩ፤ ዳንቴሉን በአድናቆት አለፉት። ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። ባትላሜራው ጎማዎቹን በጣቱ ዳሰሰና የኋላው ግራ ውስጠኛው ሊሾ መሆኑን አስታወቀ። እኔም በኩራት፣ ሆን ብዬ በብርጭቆ ወረቀት የሞረድኩት ነው አልኩ።

«ሆን ብለህ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ በዚህ ጎማ የዴራን ቁልቁለት ልትወርድ?»

ታኮ ያለበትን ጠየቁ። አሳየኋቸው፤ ከእንጨት ቀርጬ ከስፖንዳው ሥር በገመድ አስሬዋለሁ። እሱን ተቀበሉ። የስፖኪዮው መስታወት መሰንጠቁን ግን አልወደዱም። ባትላሜራው በበኩሉ ስቱኮውን በጎን አይቶ «የማነው እጅ? ጥሩ ነው» ሲል ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። ደስታዬ ገና ሳይበርድ ሽማግሌው ከኋላ ዞረው የግራ ፍሬቻው በሽቦ ብቻ መንጠልጠሉን አገኙ። ሁለቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ተመካከሩ። ውሳኔያቸውን የነገሩኝ ቆመው ነው። ቦሎ አያልፍም። ጎማውን ቀይሬ፣ ፍሬቻውን አስተካክዬ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከነሰነዱ ጋራዥ ድረስ እንዳመጣው ታዘዝኩ፤ ዳንቴሉ ግን እንዳይነካ።